ተጨማሪ መረጃ፦ ሳይታዘዝ የሚኮማተር ጡንቻ

ቫጂኒስመስ በሴት ብልት ዙሪያ ያሉ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ከሴቷ ፈቃድ ውጪ ተኮማትረው ግንኙነትን የሚያሳምሙበት፣ አንዳንዴም ጨርሶ የሚከለክሉበት ችግር ነው። አቧራ ሲጠጋው እንደሚጨፈን ዐይን ነው፤ ባሏን የምትወድ፣ ግንኙነቱንም የምትፈልግ ሴት ላይም ይደርሳል። «ቻይው፣ ይለመዳል» የሚለው የተለመደ ምክር ያባብሰዋል፤ ሕመም ፍርሃትን፣ ፍርሃትም መኮማተርን ይወልዳልና። ኢንፌክሽን ወይም የግርዛት ጠባሳም ሊያሳምም ስለሚችል ምርመራ ይቀድማል። ሕክምናው ጡንቻን ማላላት የሚያስተምር ፊዚዮቴራፒ፣ የምክር አገልግሎት፣ እንዲሁም ሴቷ ራሷ በምትወስነው ፍጥነት ከቀጭን የብልት ማስፊያ (ዳይሌተር) ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መለማመድ ነው። ብዙዎች ይሻላቸዋል። አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ያላችሁ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ክፍል አለ፤ «ግንኙነት ያመኛል» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ።