ኦቬችኪን የጭንቅ ቀን ሰው ነበር ወይስ አልነበረም?

አሌክሳንደር ኦቬችኪን ለዘወትር እንጂ ለክት አይሆንም ተብሎ አሥር ዓመት ያህል ተወርቶበታል። በመደበኛው የውድድር ዘመን ግብ ያዘንባል፣ የጥሎ ማለፉ ፕሌይኦፍ ሲጀመር ግን ይጠፋል ነበር ወሬው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የምትኖሩ አንባቢዎች የበረዶ ሆኪ ባትከታተሉ እንኳ ይህን ከሥራ ባልደረባ ወይም ከታክሲ ተሳፋሪ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ከዚያ በ2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዋሽንግተን ካፒታልስ በታሪኩ የመጀመሪያውን የስታንሊ ዋንጫ አነሣ፤ ኦቬችኪንም የፕሌይኦፉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የኮን ስማይዝን ሽልማት ወሰደ። ክርክሩም “ሰውየው በመጨረሻ ማሸነፍን ተማረ” ተብሎ ተዘጋ።

ምን እንደተማረ ግን ከቁጥሩ ላይ ማግኘት ይቸግራል። ከ2018 በፊት በ97 የፕሌይኦፍ ጨዋታዎች 46 ግብ ነበረው፤ በየሁለት ጨዋታው አንድ ማለት ይቻላል። ዋንጫ ባነሣበት ዓመት በ24 ጨዋታ 15 አገባ። በቀድሞው አካሄዱ ቢቀጥል ኖሮ በእነዚያ 24 ጨዋታዎች 11 ገደማ ያገባ ነበር። እንግዲህ “የጭንቅ ቀን የማይገኝ” በተባለውና በጀግናው መካከል ያለው ልዩነት፣ በሁለት ወር ውስጥ የተገኘ አራት የማይሞላ ግብ ነው። በ2009 ደግሞ በ14 ጨዋታ 11 ግብና 21 ነጥብ (ያገባውና ለግብ ያቀበለው ተደምሮ) ሰብስቦ ነበር፤ በአማካይ ከ2018ቱ ይበልጣል። ከፒትስበርግ ጋር በተደረገው የሁለተኛ ዙር ግጥሚያ በአንድ ምሽት እሱም የፒትስበርጉ ኮከብ ሲድኒ ክሮዝቢም ሐትሪክ ሠርተዋል። በሰባተኛው ጨዋታ ግን ፒትስበርግ 6 ለ 2 አሸነፈ፣ ዋንጫውንም ወሰደ። ኦቬችኪን “አልቻለም” ተባለ።

ስለ ወኔ፣ ስለ መሪነትና ስለ ልምድ ብዙ ይባላል። እኔ ከሁሉም በላይ ተዘንግቷል የምለው ግን አሰልቺ ነገር ነው፦ የምቱ ብዛት። የኦቬችኪንን ያህል ተኳሽ እንኳ ወደ ግብ ከሚልካቸው ስምንት ምቶች አንዱ ነው መረብ የሚነካው። በጉብዝናው ዘመን በጨዋታ አምስት ያህል ምት ይመታ ስለነበር፣ ሰባት ጨዋታ ድረስ በሚሄድ አንድ ዙር ወደ 35 ምት ይኖረዋል፤ ከዚያም አራት ወይም አምስት ግብ ይጠበቅበታል። ብቃቱ ቅንጣት ሳይለወጥ፣ ዕድሉ ብቻ ቢገላበጥስ? ስሌቱ ቀላል ነው። ከስድስት ዙር በአንዱ ገደማ ሁለት ግብ ወይም ከዚያ በታች ያገባል፤ ከሰባት በአንዱ ገደማ ደግሞ ሰባትና ከዚያ በላይ። ጋዜጣ የመጀመሪያውን “ፈራ”፣ ሁለተኛውን “ደፈረ” ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ግን ያው ነው። በመደበኛው ውድድር 82 ጨዋታ ስላለ እንዲህ ያለው መዋዠቅ እርስ በርሱ ይካካሳል፤ በሰባት ጨዋታ ግን ለመካካስ ጊዜ የለውም።

በዚህ ላይ በረኛው አለ። በፕሌይኦፍ አንድን በረኛ እስከ ሰባት ጊዜ በተከታታይ ትገጥማለህ፤ እሱ ጥሩ ሳምንት ላይ ከሆነ አለቀልህ። በ2010 ካፒታልስ በመደበኛው ውድድር ከሁሉም አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ከሞንትሪያል ጋር ተገናኘ። 3 ለ 1 ከመራ በኋላ በስድስተኛው ጨዋታ ያሮስላቭ ሃላክ የሚባል በረኛ 53 ምት አዳነበት፤ በሰባተኛውም ተሸንፎ ወጣ። ቡድኑ በዚያ ዙር በቁጥር ብልጫ ከተጫወተባቸው 33 ዕድሎች የተጠቀመው አንዱን ብቻ ነው። ኦቬችኪን ለራሱ 5 ግብና 10 ነጥብ ነበረው። ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ አልገባኝም።

ይህ የቡና ላይ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍኩትም። ነገር ግን ፍርዱ ሥራ ላይ ይውላል። ከሞንትሪያሉ ሽንፈት በኋላ በመጣው ዘመን አጋማሽ ላይ አሰልጣኙ ብሩስ ቡድሮው ማጥቃቱን ገታ አድርጎ ወደ መከላከል ዞረ። 50 ግብ አግብቶ የነበረው ኦቬችኪን በዚያ ዘመን 32 ላይ ቆመ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር አልልም፣ ግን አጥቂን ተከላካይ አድርጎ እንደ በፊቱ ግብ መጠበቅ አይቻልም። ተከትሎ የመጣው ዴል ሃንተር ባሰበት፦ በ2012 ከኒውዮርክ ሬንጀርስ ጋር በተደረገው ሁለተኛ ጨዋታ ኮከቡን በ60 ደቂቃ ውስጥ ያሰለፈው 13 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ብቻ ነው። የማሸነፊያዋን ግብ ያገባው ግን ያው ኮከብ ነበር።

ዛሬ ተረኛው የቶሮንቶው ኦስተን ማቲውስ ነው። በ2021 መደበኛ ውድድር በ52 ጨዋታ 41 አግብቶ፣ በሞንትሪያል ላይ በሰባት ጨዋታ አንድ ብቻ አገባ። ቶሮንቶ ከ1967 ጀምሮ ዋንጫ ስላላየች ቁጣው ይገባኛል። ማቲውስ ጭንቀት አይነካውም ብዬም አልከራከርም። ይነካው ይሆናል፤ ሰባት ጨዋታ ግን ያንን ለማሳየት አይበቃም።

ስታቲስቲክስ ሁልጊዜ ለኮከቡ ጠበቃ ይቆማል ማለት ደግሞ አይደለም። በ2024 ኦቬችኪን በሬንጀርስ ላይ በአራት ጨዋታ አንድም ነጥብ ሳያገኝ ወጣ። ያኔ በረኛን ወይም ዕድልን መክሰስ አይቻልም፣ ምክንያቱም የሚድንበት ምት ራሱ እምብዛም አልነበረውም። 38 ዓመት የሞላውን ተጫዋች ተከላካዮቹ ወደ ግቡ አላስጠጉትም፤ ቁጥሩም የሚመሰክረው በእሱው ላይ ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ሚያዝያ “ኮከቡ ጠፋ” የሚል ስትሰሙ ስንት እንዳገባ ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት እንደመታ ጠይቁ።