የሕመም ክሊኒክ ሐኪሞች፦ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ

ለዓመታት ወገቡን ያመመው ሰው ቤት አንድ ፌስታል አይጠፋም፤ የኤክስሬይ ፊልም፣ የኤምአርአይ ውጤትና የቆየ የመድኃኒት ማዘዣ የታጨቀበት። የአጥንት ሐኪሙ «አጥንትህ ደህና ነው» ብሎታል። የነርቭ ሐኪሙም «ነርቭህ አልተነካም» ብሎታል። ሁለቱም በየሙያቸው አልተሳሳቱ ይሆናል፤ ሰውየው ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ ያነጋል። የሕመም ክሊኒክ የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው፤ ሕመሙ ሦስት ወር አልፎት፣ ጉዳቱ ድኗል ከተባለ በኋላም አልለቅ ላለው።

የዚህን ክሊኒክ ሐሳብ በተግባር ያዋሉት ዶክተር ጆን ቦኒካ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1917 ጣሊያን ውስጥ ፊሊኩዲ በምትባል ትንሽ ደሴት ተወልደው በልጅነታቸው አሜሪካ ገቡ። የሕክምና ትምህርታቸውን ወጪ የሸፈኑት በትግል ውድድር፣ አንዳንዴም ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው እየተጋጠሙ ነበር። ከዚያ ያተረፉት የሰውነት ጉዳት ዕድሜ ልካቸውን ሲያሠቃያቸው ኖሯል። ስለ ሕመም የጻፉት ሲነበብ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው ማዲጋን የጦር ሆስፒታል የማደንዘዣ ክፍሉን ይመሩ ነበር። ቁስላቸው ሽሮ ሕመማቸው ያልሻረ፣ የተቆረጠ እግራቸው ዛሬም እንዳለ ሆኖ የሚያቃጥላቸው ወታደሮች ወደ እሳቸው ይላኩ ነበር። የሚያውቁት መርፌ ለብዙዎቹ አልሠራም። ባልደረቦቻቸውን በየተራ አማከሩ፤ የተሻለ መልስ የተገኘው ግን የተለያየ ሙያ ያላቸው ሐኪሞች አብረው ተቀምጠው ስለ አንድ በሽተኛ ሲነጋገሩ ነበር። በ1953 ስለ ሕመም ሕክምና ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1960 ወደ ሲያትሉ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው፣ ከነርቭ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሎዌል ዋይትና ከነርሷ ዶሮቲ ክራውሊ ጋር የሕመም ክሊኒኩን መሠረቱ።

በእንዲህ ያለ ክሊኒክ ስለ በሽተኛው ለመነጋገር በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ብዙ ናቸው። የማደንዘዣ ሐኪሙ አንዱን ነርቭ ለጥቂት ሰዓት አደንዝዞ ሕመሙ ከዚያ ይነሣ እንደሆነ ይፈትናል። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ከሁሉ የሚጠቅመው ቃሉ ብዙ ጊዜ «ቢላ አያስፈልግም» የሚለው ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ በመተኛት ብዛት የሰነፈውን ጡንቻ ያነቃል።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ተራ ሲደርስ ግን በሽተኛው ይከፋዋል። በተለይ እኛ ዘንድ «ወደ ሥነ ልቦና ሂድ» ማለት «አብደሃል»፣ አለዚያም «ትዋሻለህ» እንደማለት ይሰማል። እውነቱ ሌላ ነው። በ1965 ካናዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በአከርካሪው ውስጥ በር መሰል መቆጣጠሪያ ያልፋል፤ በሩን ከሚከፍቱትና ከሚዘጉት መካከል ደግሞ ከአንጎል ወደ ታች የሚወርዱ ትእዛዞች አሉ። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ፍርሃት፣ ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት ሕመምን ሊያብሱ መቻላቸው ግን ጸንቷል። ስለዚህ ባለሙያው የሚያክመው እውነተኛ ሕመም ነው።

በሲያትል ይህን ወንበር የያዙት ዊልበርት ፎርዳይስ ነበሩ። መድኃኒት ሕመሙ ሲጠና ሳይሆን በሰዓቱ እንዲሰጥ አደረጉ፤ መጠኑም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። እንቅስቃሴም እንዲሁ ነው። ሕመም እስኪያስቆመው የሚራመድ ሰው እርምጃን ከሥቃይ ጋር ያያይዛል፤ ስለዚህ ከአቅሙ በታች በሆነ መጠን ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል። ቤተሰብም ይማራል። «አንቺ ተኚ፣ እኔ እሠራዋለሁ» ማለት ለትኩስ ጉዳት ደግ ነው፤ ለዓመታት ሲቀጥል ግን ሴትዮዋን ከቤቷ ሥራ፣ ከዕድሩ፣ ከቡናው ያርቃታል። ልጆቿ ስታቃስት ብቻ ሳይሆን ስትነሣም ከጎኗ ይሁኑ ነው ምክሩ። ዘዴው በሽተኛውን ሳያምን ከተሠራበት ጭካኔ ይሆናል፤ አምኖት ከሆነ ግን ለብዙ ሰው የጠፋበትን ሕይወት ይመልሳል ብዬ አምናለሁ።

የሚያሳዝነው፣ አሜሪካ ውስጥ ራሱ እንዲህ ያሉ ሙሉ ክሊኒኮች ከ1990ዎቹ ወዲህ እየተመናመኑ መሄዳቸው ነው። የጤና መድን ድርጅቶች ለመርፌና ለክኒን መክፈል ሲቀናቸው፣ ለሳምንታት ለሚዘልቅ የቡድን ሕክምና ግን አንገራገሩ። ስሙ «የሕመም ክሊኒክ» ሆኖ መርፌ ብቻ የሚሰጥበት ቦታ ዛሬ ብዙ ነው። ቀጠሮ ከመያዝ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ይበጃል፤ ፊዚዮቴራፒስትና የሥነ ልቦና ባለሙያ አላችሁ ወይ? ስለ እኔስ ተገናኝታችሁ ትነጋገራላችሁ ወይ?