ዋስ የፈቀዱት ዳኛ

በ1993 ዓ.ም ሕወሓት ለሁለት ተሰንጥቆ የተሸነፈው ወገን ሲጠረግ፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የዋስትና ጥያቄያቸው የቀረበው ዕድሜያቸው ሠላሳ ባልሞላ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ነበር፤ ብርቱካን ሚደቅሳ። ዳኛዋ ዋስትናውን ፈቀዱ። ስዬ ከችሎት ወጥተው ብዙ ሳይራመዱ የጸጥታ ኃይሎች መልሰው ያዟቸው። ጥቂት ቆይቶም ፓርላማው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስ እንዳይጠራ የሚከለክል ማሻሻያ አወጣ። ስዬ ስድስት ዓመት ታሰሩ።

ብርቱካንን አብዛኛው ሰው የሚያስታውሳቸው በፓርቲ መሪነታቸው ነው። እኔ ግን ትልቁ ሥራቸው ያች የዋስትና ትእዛዝ ናት ባይ ነኝ። ፖለቲከኛ ሲደፍር የሚያጨበጭብለት ደጋፊ አያጣም። ዳኛ ግን ብቻውን ነው፤ ያውም ብርቱካን የፈቱት ሰው ወዳጃቸው ወይም የሕዝብ ጀግና አልነበሩም፣ ትናንት በአገዛዙ ቁንጮ ላይ የነበሩ ሰው እንጂ።

ከወንበሩ ከወረዱ በኋላ ጥብቅና ያዙ፣ ከዚያም ከፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ጋር በቀስተ ደመና ፓርቲ በኩል ወደ ፖለቲካው ገቡ። ቀስተ ደመና ከተቃዋሚው ቅንጅት ጋር ሲዋሐድ ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ። የግንቦት 7 ቀን 1997ን ምርጫ ተከትሎ የሆነውን አንባቢ አይረሳውም። በውጤቱ ውዝግብ የተነሳው ተቃውሞ በኃይል ሲታፈን፣ ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን የቆጠራቸው የሞቱ ሰላማዊ ሰዎች 193 ነበሩ። እስሩ ከአዲስ አበባ አልፎ ባሕር ዳርንና ጎንደርንም አዳረሰ። ብርቱካን ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በአራተኛው ቀን በሽማግሌዎች አማካይነት ከጓዶቻቸው ጋር በይቅርታ ተፈቱ።

ያ ይቅርታ ግን ቁርጡ ያልታወቀ ነገር ሆኖ ቀረ። ሰኔ 2000 ላይ አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትህ ፓርቲን መሥርተው ሊቀመንበር የሆኑት ብርቱካን፣ በቀጣዩ ዓመት ስዊድን ሄደው አፈታታቸው በሽምግልና የመጣ ፖለቲካዊ ስምምነት እንደነበረ ተናገሩ። አገር ቤት ሲመለሱ ፖሊስ ጠርቶ ንግግሩን እንዲያስተባብሉ የሦስት ቀን ጊዜ ሰጣቸው። እሳቸው በምትኩ «ቃሌ» የሚል ጽሑፍ አወጡ። ሰነድ መፈረማቸውን አልካዱም፤ የካዱት መንግሥት ለሰነዱ የሰጠውን ትርጉም ነው። ታኅሣሥ 2001 ላይ ተያዙ። አዲስ ክስ የለም፣ አዲስ ችሎት የለም፤ ይቅርታው ተሰርዟል ተባለና የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰ። ለወራት ለብቻቸው ተዘግቶባቸው ቆዩ፤ ሊጠይቋቸው የተፈቀደላቸው እናታቸውና ትንሽ ልጃቸው ነበሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ አላቸው።

ሊቀመንበሯ በታሰሩበት ፓርቲ ውስጥ በዚህ መሐል ማን ገባ? ስዬ አብርሃ። ልቦለድ ጸሐፊ ቢያመጣው አበዛኸው ይባል ነበር።

በግንቦት 2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። ብርቱካን መስከረም 26 ቀን 2003 ዳግም ይቅርታ ጠይቀው ወጡ፤ ወደ አሜሪካም ሄደው ተማሩ። ይቅርታውን በመፈረማቸው የሚወቅሷቸው አሉ። በዕድሜ ልክ እስርና በሕፃን ልጅ መካከል ያልቆመ ሰው ባይፈርድ ጥሩ ነው።

ኅዳር 13 ቀን 2011 ፓርላማው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው። ሰባት ወር እንደሞላ፣ ሰኔ 15፣ ባሕር ዳር ላይ የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው ተገደሉ። ግድያውን ተከትሎ በጅምላ ከታሰሩት ውስጥ እዚሁ ባሕር ዳር የተመሠረተው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) አባላት ብዙ ነበሩ። ምርጫ ቦርድ ፓርቲ ይመዘግባል፣ ኮሮጆ ያሽጋል እንጂ እስር ቤት አይከፍትም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ሲሰጥ በአማራና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ወኪሎች ከጣቢያ መባረራቸውን ብርቱካን ራሳቸው በጋዜጣዊ መግለጫ ተናገሩ። ይህን በአደባባይ ማለታቸው ከቀደሙት ሰብሳቢዎች ይለያቸዋል። ውጤቱ ግን ገዥው ብልጽግና 410 ወንበር፣ አብን 5 ነበር። ቦርዱ ከበፊቱ የተሻለ ሆኖ ነበር፤ ሜዳው ግን የቦርዱ አልነበረም።

በ2015 መጨረሻ የጤናቸውን ሁኔታ ጠቅሰው፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሥራ እንደሚለቁ አሳወቁ። ቀኑ ሲደርስ ባሕር ዳር ተኩስ ላይ ነበረች፤ ከሦስት ቀን በፊት፣ ሐምሌ 28፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ነሐሴ 1 ለዚች ከተማ ቀድሞም የከፋ ቀን ነው፤ በ2008 በዚያው ዕለት ለሰልፍ ከወጡት ላይ ጥይት ተተኩሶ ቢያንስ 30 ሰው መሞቱን አምነስቲ መዝግቧል። እሳቸው በመሩት ምርጫ ፓርላማ የገባው ክርስቲያን ታደለም አዋጁ በወጣ ሰሞን ታሰረ።

ዛሬ በጣና ዳር ዘመድ የታሰረበት ሰው የዳኛዋን ታሪክ ከመጽሐፍ መፈለግ አያሻውም። ችሎቱ «በዋስ ይውጣ» ይላል፤ ገንዘቡ ይያዛል፣ ደረሰኙ ይቆረጣል፣ የመፍቻ ትእዛዙ ማኅተም ያርፍበታል። እናት ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ፖሊስ ጣቢያ ትደርሳለች። «ኃላፊው የሉም።» «በሌላ ጉዳይ ይፈለጋል።» «ነገ ተመለሺ፣ እማማ።» ፍርድ ቤት በዋስ የለቀቃቸው ሰዎች ሳይፈቱ እንደሚቆዩ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ደጋግሞ ሪፖርት አድርጓል። የክልሉ ዳኞች ማኅበር ደግሞ ዳኞች ራሳቸው መታሰራቸውን አሰምቷል። በ1993 ዳኛዋ ቢያንስ ቤታቸው ገብተዋል።

መፍትሔው አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ዋስትናን ይፈቅዳል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 ጀምሮ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ እንዴት እንደሚቀርብ ያዛል። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተፈረሙና ያልተፈጸሙ የመፍቻ ትእዛዞችን ቆጥሮ በየወሩ ይፋ ያድርግ፤ ያልፈጸመውንም ኃላፊ በስሙ ችሎት ይጥራ።