የሚጥል በሽታ ያለባቸው ወጣቶች ከሕፃናት ሐኪም ሲለዩ

ኦስሎ፦ በኖርዌይ ሕግ አንድ ልጅ 16 ዓመት ሲሞላው ስለ ሕክምናው የሚወስነው ራሱ ነው። እስከዚያ ቀጠሮውን ሲያስታውሱና መድኃኒቱን ሲቆጥሩ የኖሩት ወላጆች፣ ከዚያ በኋላ በመርሕ ደረጃ ያለ ልጁ ፈቃድ መረጃ አይሰጣቸውም። 18 ዓመት ሲደርስ ደግሞ ከሕፃናት ክፍል ወጥቶ ወደ አዋቂዎች የነርቭ ሐኪም ይሻገራል። የሚጥል በሽታ ላለበት ወጣት ይህ ወቅት ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻ ነው።

በሽታው ሰውን የሚጥለው በአንጎል ሕዋሳት መካከል የሚተላለፈው የኤሌክትሪክ መልእክት በድንገት ከልክ ሲያልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ካሉት 50 ሚሊዮን ገደማ ታማሚዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ሕመሙ ሳይነሳባቸው መኖር ይችላሉ። ይሁንና መድኃኒቱ የሚሠራው ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው። የእንቅልፍ እጦት፣ የአልኮል መጠጥና የተዘለለ ክኒን ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ፤ ሦስቱም በወጣትነት ዕድሜ የሚበዙ ናቸው።

መዘዙ ሕይወት እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከበሽታው ጋር የተያያዘ ድንገተኛ ሞት በዓመት ከ4500 ሕፃናት ታማሚዎች አንዱን፣ ከ1000 አዋቂዎች ደግሞ አንዱን ይቀጥፋል። ዋነኛው አጋላጭ ምክንያት መላ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፈው ሕመም መደጋገሙ ነው።

በአዋቂዎች ክፍል የሚነሱት ጥያቄዎችም አዲስ ናቸው። በኖርዌይ መኪና ለመንዳት በአጠቃላይ 12 ወራት ሕመሙ ሳይነሳ መቆየት ያስፈልጋል። ቫልፕሮኤት የተባለው መድኃኒት ፅንስን ስለሚጎዳ፣ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 መውለድ ለሚችሉ ሴቶች ጥብቅ ገደብ አውጥቶበታል። ስለዚህ በልጅነቷ የጀመረችው ወጣት ከሐኪሟ ጋር መመካከር ይኖርባታል፤ በራሷ ፈቃድ ግን ማቋረጥ የለባትም።

ውስብስብ ሕመም ያለባቸው፣ ሕፃናትም ሆኑ አዋቂዎች፣ ከኦስሎ በስተምዕራብ ሳንድቪካ በሚገኘውና የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አካል በሆነው ልዩ የሚጥል በሽታ ሆስፒታል ይታከማሉ።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ተጨማሪ ሸክም አለ። ልጁ ከወላጆቹ ይልቅ ኖርዌይኛ ስለሚችል የራሱ ሕመም አስተርጓሚ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የአስተርጓሚ ሕግ ግን ሕፃናትን ማስተርጎም ይከለክላል፤ ባለሙያ አስተርጓሚ እንዲመጣ መጠየቅ ይቻላል። በሽታውን ከርኩስ መንፈስ ጋር ማያያዝና ከጎረቤት መደበቅም አልቀረም። ጸበል የሚጠመቅ ወጣት ክኒኑን ማቋረጥ አይገባውም። ለወደቀ ሰው ክብሪት ማሽተት አይረዳም፤ በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለማስገባት፣ መንዘፍዘፉ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ በኖርዌይ 113 መደወል ይገባል።

ሽግግሩ የሚሳካው ከ16ኛው ልደት ቀደም ብሎ ሲጀመር ነው። ልጁ የቀጠሮውን ከፊል ጊዜ ብቻውን ከሐኪሙ ጋር ቢያሳልፍ፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በቃሉ ቢያውቅ፣ የሕክምና ታሪኩን በጽሑፍ ይዞ ቢሻገር፣ አዲሱ ሐኪም ሕክምናውን ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል።