ዘመዷ የጠፋባት የባሕር ትል

አንድ ተመራማሪ ከዚያ በፊት ያልታወቀ እንስሳ ቢያገኝ ሥራው በማግኘት ብቻ አይፈጸምም። እንስሳውን መግለጽ፣ መሰየምና ከዘመዶቹ ጋር መመደብ ይጠበቅበታል። እነዚህ ሦስት ተግባሮች የተያያዙ ቢሆኑም አንድ አለመሆናቸውን ከሚከተለው ታሪክ ትረዳላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1915 ሲክስተን ቦክ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ በአገሩ ምዕራባዊ ጠረፍ ከባሕር ወለል በወጣ ጭቃ ውስጥ አንዲት ትንሽ ትል አገኘ። ትሏ ግን ተገልጻና ተሰይማ ለሕትመት የበቃችው እ.ኤ.አ. በ1949፣ በአይናር ቬስትብላድ አማካይነት ነው።

መግለጽ ማለት በቃላት ማስዋብ አይደለም፤ ያለውንም የሌለውንም ለይቶ መናገር ነው። የትሏ ርዝመት ከጥቂት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ገላዋ ለስላሳ ሲሆን፣ በላዩ ያሉት እጅግ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች ያንቀሳቅሷታል። አንጎል የላትም፤ ፊንጢጣም የላትም። ስለዚህ ምግብ የሚገባበት አፏ የምግቡ ዝቃጭም መውጫ ነው።

ስያሜን በተመለከተ፣ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለእንስሳት ሁሉ በሥራ ላይ ባዋለው ሥርዓት መሠረት የእያንዳንዱ ዝርያ ስም ሁለት ቃላት አሉት። የመጀመሪያው ወገኑን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ዝርያውን ከሌሎቹ ይለያል። ትሏም «ዜኖቱርቤላ ቦኪ» ተባለች። «ዜኖ» በግሪክኛ እንግዳ ማለት ነው፤ «ቦኪ» ደግሞ ለአግኚዋ መታሰቢያ ነው።

ከሁሉ የከበደው ምደባው ነበር። ቬስትብላድ ከጠፍጣፋ ትሎች ጋር መደባት። እ.ኤ.አ. በ1997 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ዲ.ኤን.ኤ.ዋን መርምረው፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ካላቸው የባሕር እንስሳት ጋር ትዛመዳለች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የስሕተቱ ምንጭ ታወቀ። የተመረመረው ዲ.ኤን.ኤ. የእርሷ ሳይሆን የበላቻቸው እንስሳት ኖሯል! ምግቧ እንደ ዘመዷ ተቆጠረ ማለት ነው። ዛሬ አሴላ ከሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ትሎች ጋር ትመደባለች፤ ይህ ቡድን በእንስሳት የትውልድ ሐረግ ላይ የሚይዘው ስፍራ ግን አሁንም ያከራክራል።

ከዚህ ምን እንማራለን? የመጀመሪያው ምደባ ቢሻርም ስሟ ጸንቷል። ስም መጠሪያ ነው፤ ምደባ ግን በማስረጃ የሚቆም፣ በማስረጃም የሚወድቅ ፍርድ ነው። እናንተም ገላጭ ድርሰት ስትጽፉ በመጀመሪያ ያያችሁትን በጥንቃቄ አስፍሩ፤ ፍርዳችሁን ከዚያ በኋላ አስከትሉ። ማስረጃ በእጃችሁ ሲገባም «ይህ በእርግጥ የማን ነው?» ብላችሁ መጠየቅን አትርሱ።