ከሦስቱ አሠልጣኞች የከፋው ማን ነው?

የፊላዴልፊያ ከተማ የቅርጫት ኳስ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማያልቅ አንድ ክርክር አላቸው። ይኸውም ሰቨንቲሲክሰርስ የተባለውን የከተማቸውን ቡድን በዋና አሠልጣኝነት ከመሩት ሰዎች መካከል የከፋው ማን ነበር የሚል ነው። ነገሩ ለጊዜ ማሳለፊያ የሚነሣ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠለቅ ብለው ሲመለከቱት የኳስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ኃላፊ ሥራው ሲበላሽ ጥፋቱ ምን ያህሉ የራሱ፥ ምን ያህሉስ ከሌላ የተረከበው ዕዳ ነው? ይህ ጥያቄ ዛሬ ተማሪ፥ ነገ የቢሮ ኃላፊ ለሚሆን ወጣት ሁሉ የሚበጅ ስለ ሆነ፥ እኛም ከክርክሩ ብንገባ ጊዜያችን በከንቱ አይጠፋም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኛው ተከራካሪ ጣቱን የሚቀስረው በሚስተር ሮይ ሩቢን ላይ ነው። ቡድኑ በ1966–67 የውድድር ዘመን ዊልት ቻምበርሌይንን ይዞ ከ81 ግጥሚያ 68ቱን አሸንፎ ዋንጫውን የወሰደ ነበር። ሆኖም ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ከዚያ ታላቅነት የቀረው ስሙ ብቻ ሆነ። ቻምበርሌይን በ1968 ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ፤ አሠልጣኙ ጃክ ራምዚ በ1972 የቡፋሎን ቡድን ሊመሩ ሄዱ፤ ዝነኛው ቢሊ ከኒንግሃምም በዚያው ዓመት ወደ ተቀናቃኙ ማኅበር ገባ። ከጥንቶቹ ጀግኖች የቀረው ሀል ግሪር ደግሞ 36 ዓመት ሞልቶት የመጨረሻ ዘመኑን ይጫወት ነበር።

ሚስተር ሩቢን የተጠሩት እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። በኒውዮርክ የሎንግ አይላንድ ዩኒቨርሲቲን ተማሪዎች ሲያሠለጥኑ ኖሩ እንጂ፥ በደመወዝ የሚጫወቱ ባለሙያዎችን በዋና አሠልጣኝነት መርተው አያውቁም። ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን 15 ግጥሚያዎች በተከታታይ ተሸነፈ። እርሳቸውም ከ51 ግጥሚያ 4 ብቻ አሸንፈው የውድድሩ ዘመን ሳያልቅ ተሻሩ። ከተጫዋቾቹ አንዱ የነበሩት ኬቪን ሎክሪ ቦታቸውን ተረክበው ከቀሩት 31 ግጥሚያዎች 5 አሸነፉ። የዓመቱ ውጤት 9 ድልና 73 ሽንፈት ሆነ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ ከዚያ ወዲህ የክፉ አሠልጣኝ ስም በተነሣ ቁጥር ሚስተር ሩቢን ይጠራሉ። በእርግጥ ሎክሪ በእነዚያው ተጫዋቾች ከእርሳቸው እጥፍ በሚሆን መጠን ስላሸነፉ፥ ሚስተር ሩቢን ከጥፋት ፈጽሞ ነጻ ናቸው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ እኒሁ ሎክሪ ወደ ኒውዮርክ ኔትስ ሄደው በ1974 እና በ1976 የተቀናቃኙን ማኅበር ዋንጫ የወሰዱ ሰው ናቸው። ዋንጫ መውሰድ የሚችል አሠልጣኝ ከዚያ ቡድን 5 ድል ብቻ ካወጣ፥ ለሙያው አዲስ ከሆነ ሰው ብዙ ድል መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ስለዚህ የጥፋቱ ትልቁ ድርሻ ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ልምድ የሌለውን ሰው በሾሙት አስተዳዳሪዎች ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ተከሳሽ ሚስተር ብሬት ብራውን ናቸው። በ2013 ተሹመው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 19፥ 18 እና 10 ግጥሚያ ብቻ አሸነፉ፤ ይህም ከ246 ግጥሚያ 199 ሽንፈት ማለት ነው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ወዲያው ይፈርድባቸዋል። ነገር ግን በአሜሪካ ውድድር ደንብ ብዙ የተሸነፈ ቡድን ከአዳዲሶቹ ወጣት ተጫዋቾች ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋለታል። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ሳም ሂንኪም ይህን አስበው ጥሩ ጥሩዎቹን ተጫዋቾች እየሰጡ የወደፊት ምርጫ መብት ያከማቹ ነበር። ሚስተር ብራውን እንግዲህ እንዲሸነፍ የታቀደ ቡድን ነበር የተሰጣቸው። የተመረጡት ወጣቶች ደርሰው ሜዳ ሲገቡ ግን በ2017–18 52 ግጥሚያ አሸነፉ።

በእኔ አስተያየት ፍርዱ የሚገባው ብዙ ሰው በማይጠራቸው በሚስተር ኤዲ ጆርዳን ላይ ነው። ቡድኑ በ2008–09 41 አሸንፎ 41 ተሸነፈ። ሚስተር ጆርዳን በ2009 ተረክበው 27 ብቻ አሸነፉ፤ በዓመታቸውም ተሰናበቱ። በተከታዩ ዓመት ዳግ ኮሊንስ ተተኩና ቡድኑ እንደ ገና 41 አሸነፈ። 14 ድል ከእርሳቸው ጋር ጠፍቶ፥ እርሳቸው ሲሄዱ ተመለሰ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

የእርሳቸው ወገን የሆነ ሰው፥ ኳስ አቀባዩ አንድሬ ሚለር በዚያው በ2009 ቡድኑን ለቅቆ ነበርና ጥፋቱ የአሠልጣኙ ብቻ አይደለም ይል ይሆናል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሚለር ለኮሊንስም አልነበረም። አንድ ዓመት አጭር ነው ቢባልም፥ ኮሊንስ ከመጀመሪያዎቹ 16 ግጥሚያዎች 3 ብቻ አሸንፈው ሳለ በዚያው ዓመት ቡድኑን አቃንተዋል።

ሚስተር ጆርዳን ልምድ ያነሳቸው ሰው አልነበሩም። የዋሽንግተንን ቡድን ከ2005 እስከ 2008 አራት ዓመት በተከታታይ ለጥሎ ማለፉ ውድድር አብቅተዋል። ችግራቸው ሌላ ነበር። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠራ የአጨዋወት ዘዴ ይዘው መጡ፤ ኳሱን በትዕግሥት እያቀባበሉ ክፍተት የሚጠብቁበት ዘዴ ነው። ዘዴው በራሱ ክፉ አይደለም። የተረከቧቸው ተጫዋቾች ግን ኳስ በነጠቁ ጊዜ በሩጫ ወርረው ነጥብ ማግባት የለመዱ ነበሩ። አሠልጣኙ ዘዴውን ለሰዎቹ ከማስማማት ይልቅ ሰዎቹን ለዘዴው ሊያስማሙ ሞከሩ።

ከትምህርት ገበታ ተነሥተን ወደ ሥራ ለምንገባ ወጣቶች ይህ ሦስተኛው ጥፋት ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋ ይመስለኛል። ባዶ ቤት የተረከበ ሰው ምክንያት አለው፤ በትእዛዝ የተሸነፈም ምክንያት አለው። በሌላ ቦታ የተማረውን ዘዴ ይዞ መጥቶ ደኅና ይሠራ የነበረን ቢሮ የሚያናጋ ኃላፊ ግን ጥፋቱን የሚያሸክመው ሰው አያገኝም። ስለዚህ አዲስ ሹም ሥራውን በተረከበ ሰሞን፥ ከማዘዙ በፊት ሠራተኞቹ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ጠይቆ ቢረዳ ለእርሱም ለመሥሪያ ቤቱም ይበጃል።