ቶር፣ የተመሰጠረ ኢሜይልና የብሮውዘር ቅጥያ፦ ከመካነ ሰላም ሲታዩ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከዓባይ ሸለቆ ማዶ ካለው ጎጃም ትይዩ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከቱሉ አውሊያው ግቢው ሌላ በዚህች ከተማም ግቢ ያለው በመሆኑ፣ ለመምህሩና ለተማሪው ኢሜይል የዘወትር የሥራ መሣሪያ ነው፤ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ፣ የምርምር ጽሑፍና ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር የሚደረግ ምክክር በእርሱ ይላካል። በኢሜይል የሚሄድ ነገር ሁሉ ሁለት የተለያዩ ምስጢሮችን ይይዛል፤ አንዱ የተጻፈው ቃል ራሱ ሲሆን ሁለተኛው ማን፣ ለማን፣ መቼና ከየት እንደ ጻፈ ነው። የመጀመሪያውን የሚጠብቀው ምስጠራ ነው፤ ሁለተኛውን ለመጠበቅ የተሠሩት ደግሞ ማንነትን የሚሸሽጉ መረቦች ሲሆኑ ከእነርሱ በሰፊው የሚታወቀው ቶር ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ቢቆጠሩም አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ሥራውን ለማቃለል ተብለው በብሮውዘር ላይ የሚጫኑት፣ ኤክስቴንሽን ወይም አድ-ኦን እየተባሉ የሚጠሩት ቅጥያዎችም ሳይታሰብ የሁለቱንም ጥበቃ ሊያላሉ ይችላሉ።

የቶር ሐሳብ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው። ዛሬ የሚሠራበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሮጀር ዲንግልዳይን፣ በኒክ ማቲውሰንና በባልደረቦቻቸው የተገነባ ሲሆን፣ ከ2006 ወዲህ ቶር ፕሮጀክት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይመራዋል። ከተጠቃሚው ኮምፒውተር ወይም ስልክ የሚወጣው መልእክት ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ይመሰጠርና፣ በልዩ ልዩ አገሮች በጎ ፈቃደኞች ከሚያስተዳድሯቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች መካከል በተመረጡት ሦስቱ ውስጥ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ሰርቨር፣ ሽንኩርት እንደሚላጥ ሁሉ፣ የራሱን ሽፋን ብቻ ገፍፎ የቀረውን ለቀጣዩ ያስተላልፋል። የመጀመሪያው ሰርቨር ላኪውን እንጂ መድረሻውን አያውቅም፤ የመጨረሻው፣ መውጫ የሚባለው፣ መድረሻውን እንጂ ላኪውን አያውቅም። ስለዚህ የመካነ ሰላም ተጠቃሚን መስመር የሚያይ የቴሌኮም ድርጅት ሰውየው ቶርን መጠቀሙን ይረዳል፣ የትኛውን ገጽ እንደ ከፈተ ግን አይረዳም፤ ገጹም ጎብኚው የመጣው ከመውጫው ሰርቨር ነው ብሎ ያምናል።

የቶር ምስጠራ የሚያበቃው መውጫው ላይ ነው። ከዚያ ወደ መድረሻው የሚሄደው ነገር በራሱ ካልተመሰጠረ፣ የመውጫው ባለቤት እንደ ተከፈተ ደብዳቤ ሊያነበው ይችላል። ዳን ኤገርስታድ የተባለ ስዊድናዊ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2007 አምስት መውጫዎችን አቋቁሞ የሚያልፈውን በመመልከት ብቻ የብዙ ኤምባሲዎችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የኢሜይል ይለፍ ቃል ሰብስቦ፣ የ100 ያህሉን ይፋ አድርጓል። ባለኢሜይሎቹ ምስጠራ በሌለው መስመር ወደ ፖስታቸው ይገቡ ስለነበር ለመስበር የሚያዳግት ነገር አልገጠመውም፤ መንገዱን የሸሸገ መረብ ይዘቱንም የሚሸሽግላቸው መስሎ ለታያቸው ሁሉ ትምህርቱ መራራ ነበር።

ይዘቱን የሚጠብቀው የኢሜይል ምስጠራ መነሻው ፊል ዚመርማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ፒጂፒ የተባለ ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው ሁለት የሚዛመዱ ቁልፎች ይኖሩታል፤ አንዱን፣ የአደባባይ ቁልፍ የሚባለውን፣ ለማንም ይሰጣል፣ ሁለተኛውን፣ የግል ቁልፉን፣ ከማሽኑ አያወጣም። በአደባባይ ቁልፉ የተመሰጠረ መልእክት የሚከፈተው በግል ቁልፉ ብቻ በመሆኑ፣ የኢሜይል አገልግሎቱ ባለቤት እንኳ ሊያነበው አይችልም። ሆኖም የሚመሰጠረው የደብዳቤው አካል ነው፤ የላኪው አድራሻ፣ የተቀባዩ አድራሻ፣ ሰዓቱ፣ ብዙ ጊዜም የርእሱ መስመር በግልጽ ይሄዳሉ። አንድ ሰው አካሉን በጥንቃቄ መስጥሮ በርእሱ ቦታ «የነገው ስብሰባ በመካነ ሰላም» ብሎ ቢጽፍ ዋናውን ነገር ተናግሯል ማለት ነው። እንደ ፕሮቶን ሜይል ያሉት አገልግሎቶች በራሳቸው ደንበኞች መካከል የሚደረገውን መጻጻፍ ያለ ብዙ ድካም ይመሰጥራሉ፤ ከእነርሱ ወደ ጂሜይል የሚላክ ተራ መልእክት ግን ይህ ጥበቃ የለውም። የተጠቃሚው የኢንተርኔት አድራሻም የተለየ ጉዳይ ነው፤ ፕሮቶን እ.ኤ.አ. በ2021 በስዊዘርላንድ ባለሥልጣናት ትእዛዝ የአንድ ፈረንሳዊ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋችን የኢንተርኔት አድራሻ መዝግቦ ለመስጠት ተገዷል፤ የመልእክቶቹን ይዘት ግን መስጠት አልቻለም። አገልግሎቱ በቶር መረብ ውስጥ የራሱ መግቢያ ያለው በመሆኑ፣ በዚያ በኩል ለሚገባ ሰው ሊመዘገብ የሚችል እውነተኛ አድራሻ አይኖርም። ይህ የሚሠራው ግን ሒሳቡ ከመጀመሪያው ቀን በቶር ከተከፈተና ሁልጊዜም በቶር ከተገባበት ነው፤ አንድ ቀን በተራ መስመር መግባት ያለፈውን ሁሉ ከሰውየው ጋር ያያይዛል።

ሁለቱን ጥበቃዎች በአንድነት ለመጠቀም የተደረገው ሙከራ የራሱ ታሪክ አለው። ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም እንዲያው በቶር በኩል ቢመራ የማሽኑን አድራሻ በመልእክቱ ራስጌ ሊጽፍ፣ የሰዓት ቀጠናውን ሊገልጽና በደብዳቤው ውስጥ የተቀመጠን ሥዕል ከሩቅ ሰርቨር ሊያመጣ ይችላል፤ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ቀድሞ የተጻፈ የሰዓት ምልክት ላኪው በምሥራቅ አፍሪካ ወይም በዓረቡ ዓለም እንዳለ ሊጠቁም ይችላል። ይህንን ለመድፈን ቶርበርዲ የተባለ ቅጥያ እ.ኤ.አ. በ2012 ቢወጣም፣ ተንደርበርድ የቅጥያ አሠራሩን ሲለውጥ ከአዲሶቹ ዕትሞች ጋር መሄድ ሳይችል ቀርቷል። ለምስጠራ ያገለግል የነበረው ኢኒግሜይልም እ.ኤ.አ. በ2020 ቦታውን በፕሮግራሙ ውስጥ ለተካተተው ምስጠራ ለቋል። ዛሬም ኮምፒውተሩ ላይ አሮጌውን ፕሮግራም ከአሮጌ ቅጥያው ጋር ይዞ የቀረ ሰው፣ የሚጠብቀው መሣሪያ ሳይሆን የማይጠገን ቀዳዳ ነው የያዘው። ምስጠራው ራሱ ጤነኛ ሆኖ እያለ በአነባበቡ በኩል ሊከዳ እንደሚችልም እ.ኤ.አ. በ2018 ኢፌይል በሚል ስም የወጣው ጥናት አሳይቷል፤ ጥቃቱ የተፈታውን ጽሑፍ በሥዕል ጥያቄ መልክ ወደ አጥቂው እንዲላክ ያደርግ ስለነበር፣ ደብዳቤን ያለ ጌጥና ያለ ሥዕል በተራ ጽሑፍ መልክ ማንበብ ከዚያ ወዲህ የተለመደ ምክር ሆኗል።

ቅጥያዎች ጥያቄ የሚያስነሱት በሁለት ምክንያት ነው። የቶር ብሮውዘር የተገነባው ሁሉም ተጠቃሚዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲታዩ በሚል መርሕ ነው፤ የመስኮቱ መጠን፣ የፊደል ቅርጾቹ፣ የሰዓት ቀጠናው ሁሉ ተመሳሳይ እንዲመስሉ ይደረጋል። ማንኛውም ተጨማሪ ቅጥያ ተጠቃሚውን ከብዙኃኑ የሚለይ ምልክት ይሆንበታል፤ የቶር ፕሮጀክትም ከብሮውዘሩ ጋር አብሮ ከሚመጣው ሌላ ምንም እንዳይጫን ይመክራል። ሁለተኛው ምክንያት ቅጥያው ሥራውን ለመሥራት ገጹን ማንበብ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ በብሮውዘር ውስጥ በግእዝ ፊደል ለመጻፍ የሚያስችል ቅጥያ የሚነካውን ቁልፍ ሁሉ ያያል፣ ከዚህም በላይ በቶር ብሮውዘር ላይ ሲጫን ባለቤቱ አማርኛ ጸሐፊ መሆኑን ሊያሳብቅ ይችላል። ዊንዶውስ ራሱ የሚሰጠው የአማርኛ ኪቦርድ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው ኪማን ከብሮውዘሩ ውጭ ስለሚሠሩ ለዚህ ዓላማ ይመረጣሉ። ከሁሉም የሚሻለው ጽሑፉን ከብሮውዘር ውጭ ጽፎና መስጥሮ፣ በብሮውዘሩ የሚላከው ምስጥሩ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው።

በኢትዮጵያ የታየው ታሪክ ከዚህ ሁሉ ጋር የሚጣጣም ነው። በግንቦት 2004 ዓ.ም. የቶር ፕሮጀክት በኢትዮጵያ የቶር ግንኙነት መታገዱን አስታወቀ፤ እገዳው በአድራሻ ላይ የተመሠረተ ሳይሆን የመስመሩን የውስጥ ጠባይ መርምሮ የቶርን የሰላምታ ልውውጥ በመለየት የተደረገ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማርያን ስድስቱና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ በኋላ በሽብር ወንጀል በቀረበባቸው ክስ ውስጥ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለው የዲጂታል ደኅንነት መመሪያ ሥልጠና መውሰዳቸው ተጠቅሶ ነበር፤ የአምስቱ ክስ በ2007 ዓ.ም. ክረምት ሲነሣ የቀሩት አራቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ ወጥተዋል። ምስጠራን መማር እንደ ማስረጃ ሊጠቀስ መቻሉ በዚያ ዘመን መሣሪያው ራሱ ምን ያህል አስጠርጣሪ እንደ ነበር ይናገራል።

በተግባር የተፈጸሙት ጥቃቶች ግን ምስጥሩን ለመስበር አልሞከሩም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ የግንቦት 7 ተቃዋሚ ድርጅት አባላትን ፎቶግራፍ እንደ ማጥመጃ የያዘና ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም የሚጭን ፋይል ማግኘቱን ገልጿል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣልያን ድርጅት የሠራውን የስለላ ፕሮግራም የደበቁ፣ ተራ ሰነድ የሚመስሉ ፋይሎች ተልከውላቸዋል። ከሁሉም ለዚህ ርእስ የሚቀርበው በኅዳር 2010 ዓ.ም. የተገለጸው ነው፤ ጃዋር መሐመድን ጨምሮ በውጭ አገር ያሉ ተቺዎች ቪዲዮ ለማየት ሊንክ የያዙ ኢሜይሎች ይደርሷቸው ነበር፣ ሊንኩን የተጫነ ሰው ገጹ ላይ ሲደርስ በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመረውን ፍላሽ ፕሌየር የተባለ የቪዲዮ ማጫወቻ እንዲያድስ ይጠየቅ ነበር፤ እድሳቱ ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም ነበር። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የገባበት ኮምፒውተር ባለቤቱ የሚጽፈውን ከመመስጠሩ በፊት፣ የሚያነበውንም ከተፈታ በኋላ አሳልፎ ስለሚሰጥ፣ ፒጂፒም ሆነ ቶር ምንም አይፈይዱለትም። የቶር ብሮውዘር አዘጋጆች ፍላሽን ከመጀመሪያው ዘግተው ነበር፤ ምክንያታቸው በዋናነት ከቶር መንገድ ውጭ በራሱ መውጣት መቻሉ ቢሆንም፣ በብሮውዘር ላይ የሚጨመርን ነገር የመጠራጠር ልማዳቸው በአዲስ አበባና በዋሽንግተን ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ይበልጥ ጠቃሚ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ከቶር ላይ የወረደን ሰነድ ኢንተርኔት በተከፈተበት ማሽን አለመክፈት፣ በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ የግል ቁልፍን ጨርሶ አለማስገባት ከዚሁ የሚከተሉ ጥንቃቄዎች ናቸው።

ለመካነ ሰላም ዓይነት ከተማ የሚጨምር አንድ ችግር አለ። ማንነትን የሚሸሽግ መረብ የሚሸሽገው በብዙኃን መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 አንድ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከፈተና ለማምለጥ የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ በቶርና ስም በማይጠይቅ ኢሜይል ቢልክም፣ መርማሪዎች በዚያ ሰዓት በግቢው ገመድ አልባ መረብ ቶርን የተጠቀመ ማን እንደ ሆነ በመመልከት ብቻ ደርሰውበታል። ወንጀለኛውን ያጋለጠው ይኸው ስሌት ንጹሑንም ሰው አይምርም፤ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ቶርን የሚጠቀሙት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ቢሆኑ፣ መልእክቱ ሳይነበብ የላኪው ማንነት ሊገመት ይችላል። በስም በተመዘገበ ሲም ካርድ በሚሠራ የሞባይል መስመር ላይም ነገሩ ያው ነው። ለዚህ የተበጁት ድልድይ የሚባሉት መግቢያዎች ናቸው፤ አድራሻቸው በይፋ ስለማይመዘገብና አንዳንዶቹም የቶርን መልክ ስለሚለውጡ፣ መስመሩን የሚያይ ሰው ተራ ነገር ያየ ይመስለዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ስኖውፍሌክ በሌላ አገር ያለ ሰው በብሮውዘሩ ላይ በሚጭነው ቅጥያ የሚሠራ በመሆኑ፣ በጀርመን ወይም በካናዳ ያለ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩን ከፍቶ በማቆየት ብቻ መስመር ለታገደበት ሰው መግቢያ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ቅጥያው የሚጫነው በረጂው ተራ ብሮውዘር ላይ እንጂ በተጠቃሚው የቶር ብሮውዘር ላይ አይደለም።

ድልድይ የሚያሻግረው ኢንተርኔት ሲኖር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ሲቋረጥ በሞባይል መስመር ቶርም ሆነ ድልድዮቹ አገልግሎት መስጠት አልቻሉም። የፒጂፒ ምስጠራ ግን የሚከናወነው በማሽኑ ላይ እንጂ በመስመሩ ላይ ስላልሆነ፣ ኢንተርኔት በሌለበት የተመሰጠረ ፋይል በፍላሽ ዲስክ ተቀድቶ መስመር ወዳለበት ከተማ በሚሄድ ሰው እጅ ሊላክና ከዚያ በኢሜይል ሊቀጥል ይችላል። ተሸካሚው ፋይሉን ማንበብ አይችልም፤ ከማን ተቀብሎ ለማን እንዳደረሰ ግን ያውቃል።